ከጥግ እስከ ጥግ

ቅናቱን መደበቅ የሚችል ሰው ይገርመኛል። እኔ ስቀና ፊቴ ላይ ይነበባል፣ አንሶላ ሳጣጥፍ እንኳ ከእጄ ያስታውቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ፤ በሎዛ ቀንቻለሁ። በሱቋ አይደለም፤ ሱቋ ከእኔው ያንሳል። በወጣትነቷም አይደለም፤ እኔም በጊዜዬ ወጣት ነበርኩ። የቀናሁት ዘምዘምን ስለወሰደችብኝ ነው።

ዱባይ ተራ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንሶላና ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ዘምዘም ከኮሪደሩ ማዶ፣ ፊት ለፊቴ፣ ሻርፕና ሂጃብ ትሸጣለች። በመካከላችን ያለው ሁለት ሰው እየተጋፋ የሚያልፍበት መንገድ ብቻ ነው። ሱቆቻችንን የከፈትነው በአንድ ሰሞን ነበር፤ እኔ ከቤሩት ተመልሼ፣ እሷ ደግሞ ባሏን ቀብራ። ለሶላት ስትሄድ ሱቋን እኔ እጠብቃለሁ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ከዘገየሁ ደንበኞቼን እሷ ታቆይልኛለች። የእኔን የአንሶላ ዋጋ ከእኔ እኩል ታውቃለች፣ እኔም የእሷን።

ከቀትር ሶላት በኋላ ገበያው ይበርዳል። ከክፍለ አገር የመጡት ነጋዴዎች ጠዋት ገዝተው፣ አስጭነው፣ ወደ አውቶቡስ ተራ ወርደዋል። የከተማው ሰው ደግሞ ገና ከመሥሪያ ቤቱ አልወጣም። ያ ሰዓት የእኛ ነበር። ከቤሩት ይዣት የመጣሁት ትንሽ ታብሌት ነበረችኝ፤ መዳፍ ቢዘረጋባት የምትሸፈን። እሷን ከሱቁ ውስጠኛ ግድግዳ ጋ ባለው ብርድ ልብስ ክምር ላይ አስደግፌ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ባለችው አጭር አግዳሚ ላይ ሁለታችን እንቀመጣለን። ስክሪኗ ትንሽ ስለሆነች ራቅ ብሎ ማየት ብሎ ነገር የለም፤ ትከሻ ለትከሻ መጠጋት ግድ ነው። ኤርፎኑን አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ ጆሯችን ውስጥ እንከታለን።

ፊልሞቹ የቱርክ ሆነው በዓረብኛ የሚናገሩ ናቸው። ዘምዘም ቁርኣን ትቀራለች እንጂ እንዲህ ያለውን የቤት ውስጥ ዓረብኛ አትሰማም። እኔ ግን ሰው ቤት እያገለገልኩ፣ ስሰደብበትም ስመሰገንበትም የኖርኩት ቋንቋ ነው። ስለዚህ እያየሁ እነግራታለሁ። ማን ማንን እንደከዳ፣ አማቲቱ ምን እንደሸረበች፣ ሁሉንም በጆሮዋ ሹክ እላታለሁ። የሚያምር ቀሚስ ሲመጣ "እያት፣ እያት" እያልኩ በክርኔ ጎሸም አደርጋታለሁ። እሷም ትስቃለች፣ ትራገማለች፣ "ያ አላህ" ትላለች። አንዳንዴ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትሰማኝ፤ ደክሟት ነው እል ነበር።

ቤቴ ስገባ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ቀኑን ሙሉ ከስንቱ ጋር በዋጋ እጨቃጨቃለሁ፣ መልስ ሲቀበለኝ እጁ እጄን ከሚነካኝ ደንበኛ በቀር የሚነካኝ የለም። የዘምዘም ትከሻ ግን በየቀኑ ከትከሻዬ ጋር ነበር። እውነቱን ለመናገር ፊልሙ ባይኖርም ግድ አልነበረኝም፤ እሷ አጠገቤ የምትቀመጥበት ምክንያት ብቻ ይኑር።

ከዚያ ሎዛ መጣች። ከዘምዘም ሱቅ ጎን ያለው ባዶ ሱቅ ተከራይታ የሕፃናት ልብስ ዘረጋች። በመጀመሪያው ቀን ሁለታችንንም እትዬ ብላ፣ እጅ ነስታ ተዋወቀችን። ጨዋ ልጅ ናት፤ ጨዋ ባትሆን ኖሮ ለእኔ በቀለለኝ። ዕቃዋን ደርድራ ስትጨርስ ከቦርሳዋ ታብሌት አወጣችና ባንኮኒዋ ላይ አቆመች። ረጅም ነው። እንደኔዋ አራት ማዕዘን ሳይሆን በጎኑ የተጋደመ፣ እንደ በር መቃን ወደ ጎን የተዘረጋ ነገር ነው። ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶት ተቀመጠ።

ዘምዘም እንኳን ደህና መጣሽ ልትላት ገባች። እዚያው ቀረች።

በማግሥቱ ከሶላት ተመልሳ በእኔ በር በኩል አለፈችና "ዛሬ ሎዛ የጀመረችውን ልጨርስላት" አለችኝ። ለሎዛ ስትል የምትለፋ አስመስላ ነው የነገረችኝ። በሦስተኛው ቀን ምክንያትም አልሰጠችም። ትንሿን ታብሌቴን አስደግፌ፣ የአግዳሚውን ግማሽ ለእሷ ትቼ፣ ኤርፎኑን አንድ ጆሮዬ ላይ አንጠልጥዬ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ዓመት ስነግራት ኖሬ፣ ለራሴ ብቻ መስማት አቅቶኝ አጠፋሁት።

ሎዛ በእርግጥ ጠርታኛለች። "እትዬ አልጋነሽ፣ እርስዎም ይምጡ እንጂ" አለችኝ፣ አንድ ቀን ሄድኩም። የእሷ ፊልም ቱርክኛውን ራሱን ነው የሚናገረው፤ ከሥር የአማርኛ ጽሑፍ አለው። እኔ ቱርክኛ ከየት አውቄ፤ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። ደግሞ ማንም ማንንም አይነካም። ሦስት በርጩማ ተራርቆ ተቀምጧል፣ ሁሉም ከየቦታው ያያል፣ ሁሉም ለየራሱ ያነባል። ይሄ ፊልም ማየት ነው ወይስ ታክሲ መጠበቅ ብዬ በሆዴ ተሳደብኩ። ዘምዘም ግን ፊቷ በርቶ ነበር። ሁለተኛ አልሄድኩም።

የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዘምዘም ማታ ሱቅ ስንዘጋ እየመጣች፣ ያመለጠኝን ትነግረኝ ጀመር። ነጋሪዋ እኔ ነበርኩ እኮ። አሁን እሷ ነጋሪ፣ እኔ ሰሚ ሆኜ፣ "ከዚያስ?" እያልኩ ቁልፌን አዞራለሁ። ሎዛ ደግሞ ሳምንት ሳይሞላት እትዬ ማለቱን ለዘምዘም ተወችውና "ዘምዙዬ" አለቻት። እኔ ግን ያው እርስዎ፣ ያው እትዬ ነኝ። መከበር እንደዚያ አንገብግቦኝ አያውቅም።

ሥራዬም ተበላሸ። አንዲት ሙሽራ ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታ ነጭ አንሶላ ስትጠይቀኝ፣ ዓይኔ ማዶ ስለነበር ሰማያዊ አወጣሁላት። ወዲያ ሲሳቅ እዚህ ጆሮዬ ይቆማል። ዘምዘም የምትስቀውን ሳቅ ሁሉ አውቀዋለሁ፤ የትኛው ከልብ እንደሆነ፣ የትኛው ለይሉኝታ እንደሆነ። ከሎዛ ሱቅ የሚመጣው ከልብ ነበር።

እኔም ነገሩ የታብሌቱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሎዛ ልጅ ናት፣ ወሬዋም የልጅ ነው፤ ዘምዘምን የያዘላት የስክሪኑ ትልቅነት ነው። ያ ከሆነ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የሚበልጥ መግዛት። እኔ ደግሞ በመለካት አልታማም።

አንድ ጠዋት ሎዛ ዕቃ ልትረከብ ወደ ታች ስትወርድ፣ እንደ ጎረቤት ደንብ ሱቄን ይጠብቁልኝ አለችኝ፤ ያው በእርስዎ። እሷ ደረጃውን ስትወርድ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ታብሌቷ ላይ ዘረጋሁት። ርዝመቱን ያዝኩ፣ ወርዱን ያዝኩ፣ እንደ አንሶላ። ዘምዘም ከሱቋ ብቅ ብላ አየችኝ፣ ምን እንደምሠራም ጠየቀችኝ። አቧራ እየጠረግኩላት ነው አልኩ። በሜትር አቧራ የሚጠርግ ሰው አይታ እንደማታውቅ እርግጠኛ ነኝ፤ ግን ወደ ሻርፖቿ ተመለሰች።

ምድር ቤት ታብሌት የሚሸጥ ጃፋር የሚባል ልጅ አለ። ስንት ኢንች እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ፣ ርዝመቱ ይህን ያህል፣ ወርዱ ይህን ያህል፣ ከዚያ የሚበልጥ ስጠኝ አልኩት። ሳቀ። ታብሌት እንደዚያ አይለካም፣ ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ነው የሚለካው አለኝ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ጨርቅ ስሸጥ ከጥግ እስከ ጥግ ለኪልኝ ያለኝ ሰው አልገጠመኝም፤ ቢገጥመኝም ጤናውን ነበር የምጠይቀው። ጃፋር የኢንች ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ታብሌት አወጣ። አንደኛው የሎዛ ዓይነት ረጅሙ ነው። ሁለተኛው እንደ ደብተር ሰፋ ያለ፣ ወደ አራት ማዕዘን የሚጠጋ ነው። ሜትሬን አሳረፍኩባቸው። ሁለተኛው በርዝመት ትንሽ ቢያንስም ወርዱ ብዙ ይበልጣል፤ ጨርቅ ቢሆን ኖሮ ብዙ ነው የሚተርፈው።

"ለፊልም ከሆነ ረጅሙን ይውሰዱ፣ እትዬ። ፊልሙ ራሱ ረጅም ነው። ይሄኛው ለሚያነብ ሰው ነው የሚሆነው" አለኝ።

ነጋዴን ነጋዴ ያውቀዋል። እኔ ራሴ ወርዱ የጠበበውን አንሶላ ነው አብልጬ የማወድሰው፣ ቶሎ እንዲሄድልኝ። ጃፋርም ረጅሞቹ ተከማችተውበት ነው ብዬ ሰፊውን አነሳሁ። ትንሿን ታብሌቴን ሰጥቼው፣ ከላይ ጨምሬ ተለዋወጥን። ፊልሞቼን ወደ አዲሱ ሲገለብጥልኝ ቆሜ ጠበቅኩ። ትንሿን መስታወቱ ውስጥ ከአሮጌ ስልኮች ጋር ሲያስቀምጣት ሁለት ጊዜ ዞሬ አየኋት። ግን ዘምዘምን ልመልስ ነው የሄድኩት፤ ደረጃውን እየዘለልኩ ወጣሁ።

ያን ቀን ከሶላት ስትመለስ በሯ ሳትደርስ ጠራኋት። ታብሌቱን በአዲስ የትራስ ልብስ ሸፍኜው ነበር። ስገልጠው እጇን አፏ ላይ አድርጋ "ማሻ አላህ፣ መቼ ገዛሽው?" አለች። ገብታ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ ትከሻዬን ነካኝ። በዚያች ቅጽበት ሎዛን ይቅር ልላት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ፊልሙን ከፈትኩት። ከላይ ጥቁር፣ ከሥር ጥቁር፣ ፊልሙ መሐል ላይ እንደ መቀነት ታስሮ ተቀመጠ። የተበላሸ ዕቃ ሰጠኝ ብዬ ነካካሁት፣ አዞርኩት፤ ወይ ፍንክች። ዞሬ ማዶ አየሁ። የሎዛ ፊልም ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይሄዳል፤ የእኔው ከእሷ ያንሳል። ያን ሁሉ ወርድ የገዛሁት ለካ ጥቁር እንዳይበት ነው።

ዘምዘም አላሾፈችብኝም። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ትንሽ ታገለችና፣ ሎዛ እንዲህ ያለውን ማስተካከል ታውቃለች ብላ፣ እኔ እንዳትጠራት ሳልላት ጠራቻት። ልጅቷ መጣች። "ይፈቅዱልኛል?" ብላ ሁለት ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ ገለል ገለል አደረገቻቸው። ጥቁሩ ጠፋ፤ ስክሪኑ ጢም ብሎ ሞላ፣ የሰዎቹም ፊት ሰፋ። ግራና ቀኙ ግን ተቆርጦ ይቀራል አለችኝ። ደንበኛ ስለመጣባት ሮጣ ተመለሰች። የገዛሁትን ዕቃ እሷ አሠራችልኝ፤ አመሰግናለሁ በማለት ፈንታ የትራስ ልብሱን አጣጠፍኩ።

እውነትም ተቆርጧል። አባትና ልጅ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ይጣላሉ፤ እኛ የሚታየን ጠረጴዛውና የፍራፍሬው ሳሕን ነው። ከአንድ ወገን የአባቱ እጅ ብቅ ይልና ጠረጴዛውን መትቶ ይመለሳል። ዘምዘም "ማነው የሚጮኸው?" አለችኝ። አባትየው ነው፣ ልጁ እሱ ያልወደደለትን ሴት ሊያገባ ነው፣ ይሄ እጅ የእሱ ነው፣ መሐል ያለው ሙዝና ብርቱካን ነው እያልኩ ነገርኳት። ዘምዘም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሙዙና ብርቱካኑ የተጣሉ መሰላት። እኔም ሳቅሁ። በስንት ጊዜዬ ነጋሪ ሆንኩ።

ከዚያ ድንገት ተነሳች። በርጩማዋን ከሱቋ አመጣችና ከባንኮኒዬ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። በመካከላችን ባንኮኒው፣ የአንሶላው ክምርና የሰው መተላለፊያ ገባ።

"ነይ እንጂ ወደ ውስጥ" አልኳት።

"ከዚህ ይሻለኛል። ከዚህ ሆኜ ፊታቸው ሁሉ ይታየኛል" አለች። ኤርፎኑን ነቅዬ ድምፁን ከፍ እንዳደርገው ነገረችኝ፤ አደረግኩት። ደስ ብሏታል፣ ታስታውቃለች። እኔ አግዳሚዋ ላይ ብቻዬን ነኝ፣ ጎኔ ያለው ቦታ ገና አልበረደም። እሷ ግን ዞር አለችና ወደ ማዶ ተጣራች። "ሎዛ፣ ነይ፤ አሁንማ ለሦስት ይበቃናል።"

ለሦስት ይበቃናል። ትንሿን ሸኝቼ፣ የጃፋርን ምክር ንቄ፣ ደረጃ ዘልዬ የገዛሁት ለሎዛ መቀመጫ ኖሯል። እጄ ቀደመኝ፤ የትራስ ልብሱን አንስቼ ታብሌቱ ላይ ጣልኩበት። ፊልሙ ከጨርቁ ሥር ማውራቱን ቀጠለ። ሎዛ በርጩማዋን እንደያዘች በሯ ላይ ቆመች።

ዘምዘም ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ።

"ይህን የገዛሁት ለሎዛ አይደለም" አልኳት። "ፊልምም አምሮኝ አይደለም። አጠገቤ እንድትመለሺ ብዬ ነው። አንቺ ግን ገና ከመክፈቴ ሸሸሽኝ።"

ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየች፤ ሎዛ ወደ ሱቋ ተመልሳለች፣ ሌላም ሰው የለም። ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች፣ አግዳሚዋ ላይ እንደ ድሮው ተጠግታኝ ተቀመጠች። የሻርፗን ጫፍ በጣቷ አሸት አሸት አደረገች።

"አልጋነሽ፣ ከቅርብ አይታየኝም" አለች። "ያቺን ትንሿን ካለፈው ረመዳን ወዲህ አይቻት አላውቅም። ብርሃን ሲንቀሳቀስ ነው የሚታየኝ። ሰው ይሁን ፈረስ አልለየውም ነበር።"

ዞሬ አየኋት። ስልኳን እየሰጠችኝ ቁጥር አንብቢልኝ ትለኝ የነበረው፣ ዋጋ የተጻፈበትን ወረቀት ክንዷን ዘርግታ ትይዝ የነበረው አንድ በአንድ መጣብኝ። ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

"ታዲያ በየቀኑ ምን ልታደርጊ ትመጪ ነበር?"

"አንቺን ልሰማ።"

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይበቃዋል። እኔም እንባዬ መጣ፣ አልዋሽም። ለእኔ ስትል በማይታያት ስክሪን ፊት ያን ሁሉ ወር ተቀምጣልኛለች፤ ከዚህ በላይ ምን ልፈልግ? ግን የእኔ ልብ እንደዚህ ነው፣ ሞላ ሲሉት ሌላ ጎኑ ይጎድላል። ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት። አፍራ ነው። መነጽር አደረገች ማለት አረጀች ማለት መስሏት ነው። ደግሞም ቀሚሷን እያት ብዬ ስጎሽማት ደስታዬን ማበላሸት ከብዷት ነው። ይህን ሁሉ ሰማሁና፣ መጠየቅ የሌለብኝን ጠየቅሁ።

"ለሎዛስ ነገርሻት?"

"ኧረ አልነገርኳትም" አለች ዘምዘም። "የመጀመሪያው ቀን ራሷ አወቀችው። ዓይኔን ሳጨማድድ አይታ፣ ምንም ሳትል በርጩማዬን ወደ ኋላ ሳበችልኝ።"

ትከሻዬ ሥር ተቀምጣ፣ እስትንፋሷን እየሰማሁ፣ ዓይኗ ሲደክም አላየሁም። ቀሚስ ሳሳያት፣ ጫማ ሳሳያት፣ የቱርክ ባሕር ሳሳያት ከርሜ፣ እሷን ዞር ብዬ አላየሁም። ያች ልጅ በአንድ ቀን አየቻት። እስከዚያች ደቂቃ ቀናሁ ስል የነበረው ሁሉ ለካ ጨዋታ ነበር።

የትራስ ልብሱን ከታብሌቱ ላይ አነሳሁና ሎዛን በእጄ ምልክት ጠራኋት። ዘምዘም እጄን ጨበጥ አድርጋ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፣ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ሎዛ መጥታ የራሷን ከማስቀመጧ በፊት የዘምዘምን ፊት አንዴ አየችው፣ ጎንበስ ብላም በርጩማውን ስንዝር ያህል ወደ ኋላ አስጠጋችላት። ዘምዘም ግንባሯ ፈታ አለ።

እኔ ባንኮኒው ውስጥ ቆሜ አየኋቸው። እንደዚያን ቀን ቀንቼ አላውቅም።